በበረኪና የታጠበው ሻጋታ

ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔን ይከፋኛል፤ በዚህ የወደብ ከተማ የወባው ወራት የሚገባው ያኔ ነውና። እንዲሁ እንደከፋኝ በምኒልክ አደባባይ ሳልፍ ጎረቤቴን እትዬ ሐዲጃን አገኘኋቸው። ከድሬዳዋ መጥተው እዚህ የከተሙ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ንጽሕናቸው ካርትዬ ሁለት የሚባለውን ሰፈራችንን በሙሉ ያሳፍራል። በሁለት እጃቸው በረኪና ተሸክመዋል። ምነው በዛ ብዬ ባሾፍባቸው፣ የልጅ ልጃቸው ሩዋይዳ ከዩኒቨርሲቲ ሻጋታ የተቀባ ጨርቅ አምጥታ ከትንሿ እህቷ ከውዳድ አልጋ በላይ እንደሰቀለችባቸው ነገሩኝ። አንድ ጊዜ አጥበውታል፤ ሊደግሙት ነው።

ዕቃቸውን ተቀብዬ አብሬ ሄድኩ። ጠብ አልወድም፤ ጠብ ካለበት ግን አልጠፋም።

ሩዋይዳ ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫው ሥር ቆማለች። ጥቁር የነበረው ጨርቅ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀልቷል። አልተቆጣችም። ታናሽ ወንድሟን ሙሚንን አምና ወባ ከወሰደው ወዲህ በዚያ ቤት ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ዳቦ ላይ የሚወጣው አይደለም። ቦቬሪያ ይባላል፤ ምግቡ ነፍሳት ናቸው። ትንኟ ስታርፍበት ዱቄቱ ይጣበቅባታል፤ ቆዳዋን በስቶ ይገባና ከውስጥ ይጨርሳታል።»

«ትንኝ የሚጨርስ ነገር ውዳድን ይምራታል?»

«የእኛ ገላ ሙቀት አይስማማውም። ቢሆንም እንዳትነካው ብዬ ከፍ አድርጌ ነው የሰቀልኩት።»

«ሻጋታ ሻጋታ ነው። ወባ የቆሻሻ ቤት በሽታ ነው፤ እኔ ቤት ደግሞ ቆሻሻ የለም።»

እውነቱን ለመናገር ልቤ ለአሮጊቷ አደላ። እንደሳቸው ላለች ጽዱ ሴት «መድኃኒት» ብሎ ማምጣት ሲቻል «ሻጋታ» ብሎ መግባት የተማሪ ሞኝነት ነው። ትምህርት ቤት ስሙን ያስተምራል፣ ለአያት እንዴት እንደሚነገር ግን አያስተምርም።

ሩዋይዳ ወደ ግቢው ጥግ ሄደች። ለውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ውኃ ከሚጠራቀምበት፣ አፉ ክፍት ከሆነው በርሜል በጣሳ ቀድታ አመጣችላቸው። ውኃው ጥርት ያለ ነው። በውስጡ ቀጫጭን ትሎች ይርመሰመሳሉ።

«እነዚህ ትሎች ነገ ትንኝ ናቸው፤ ይህቺ ትንኝ ንጹሕ ውኃ ነው የምትወደው» አለች ቀስ ብላ።

እትዬ ሐዲጃ ጣሳውን እንደያዙ ወደ በርሜሉ ዞሩ። በየሁለት ሳምንቱ በገዛ እጃቸው የሚያጥቡት በርሜል ነው።

«አምናም ክፍት ነበር» አሉ።

«ማናችንም አላወቅንም፣ እማማ።»

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ሩዋይዳ አስረዳች፣ አያቷ ሰሙ። ሻጋታው ትንኟን ለመግደል ቀናት ይፈጅበታል፤ ወባው በሆዷ እስኪበስል ግን ከዚያ ይበልጥ ስለሚቆይ፣ ብዙዎቹ በሽታውን ሳያስተላልፉ ይሞታሉ። ክዳን ያለው በርሜል አዲስ ትንኝ አያፈራም። አልጋ ላይ የሚዘረጋው አጎበር ደግሞ የተኛውን ይጠብቃል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

እትዬ ሐዲጃ በርሜሉን ደፍተው በሰፊ ትሪ ከደኑት። ከሱቃቸው ጥቁር ጣቃ አምጥተው ቀደዱና ሻጋታውን እንድትቀባበት ሁለት ቁራጭ ለሩዋይዳ ሰጧት። አንዱ ለውዳድ ነው። ሁለተኛው የት እንደሚሰቀል በዓይናቸው አመለከቱ፤ አንሶላው ተነጥፎ ወደተተወው ወደ ሙሚን አልጋ።

«እማማ፣ እዚያ እኮ ማንም አይተኛም» አለች ሩዋይዳ።

«ትንኟ ይህን አታውቅም» አሉ።