ከመድረኩ ሥር የቆሙት ወይዘሮ ሜላኒያ

ይህን የሕይወት ታሪካቸውን በቀብራቸው ላይ የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው፣ አናጢው ኦኒሲም ነኝ።

ወይዘሮ ሜላኒያ ሆርዲይቭና ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው ከአቶ ሆርዲይና ከሸማኔዋ ከወይዘሮ ኡስቲና በ1889 እ.ኤ.አ. በፖልታቫ ተወለዱ። ከአባታቸው ቀለም መበጥበጥን፣ ከእናታቸው ጨርቅ መቁረጥን ለምደው፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ወደ ኪየቭ መጥተው ሥነ ጥበብ ከተማሩ በኋላ፣ በከተማችን ቴአትር ዛፍና ዓምድ በሸራ ላይ እየሳሉ ከተዋንያን ጀርባ መስቀል ሥራቸው ሆነ። በዚያው የመብራት ሠራተኛውን አቶ ቲሚሽን አግብተው ልጃቸውን ክሪስቲናን ወለዱ።

ሆኖም የተዋንያኑ ጥላ በተሳለው ሰማይ ላይ አርፎ ሰማዩ ጨርቅ መሆኑን ሲያጋልጥ ባዩ ቁጥር ያፍሩ ስለነበር፣ በ1922 እ.ኤ.አ. ሸራውን አስወርደው፣ ተዋናይ የሚሮጥበት ባለ ሦስት እርከን የእንጨት መድረክ ነደፉ፤ ልብሱንም ለሩጫ እንዲያመች ከጆንያ አሳጥረው ሰፉት። ተዋናይቷ ፌሲያ ስትለካው፣ በቁልምጫ ስማቸው ጠርታ «ሜላሻ፣ በዚህ ወጥቼ ድንች ሻጭ ልባል ነው?» ብትላቸው፣ «ረጅም ቀሚስ ጠልፎሽ አንገትሽ ከሚሰበር ድንች ሻጭ ብትባዪ ይሻልሻል» አሏት። እንዲህ ይበሉ እንጂ ጭንቀቱ የራሳቸው ነበር፤ ከጦርነቱ የተረፈው እንጨት ስላላስተማመናቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ መገጣጠሚያውን ሁሉ በእጃቸው ሲዳስሱ ሰነበቱ።

በመክፈቻው ቀን፣ አሥራ አንድ ተዋንያን ላይኛው እርከን ላይ ሳሉ አንዱ ቋሚ ይሰበር ጀመር። እኅቴ ከሥር ገብተው በትከሻቸው ደገፉት፤ ሌላ ድጋፍ ይዤ ስሮጥ፣ «ቀስ በል፣ ከላይ እንዳይሰሙህ» አሉኝ። ተመልካቹ ምንም ሳያውቅ አጨበጨበ።

ቋሚው ላይ የነበረውን ቀጭን ስንጥቅ በዋዜማው ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ መክፈቻው እንዳይራዘም ብዬ ዝም አልኩ። ይህን ከትርኢቱ በኋላ ነግሬአቸው ሳለ፣ የተውኔቱ አዘጋጅ ምክንያቱን ሲጠይቃቸው «እንጨቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ» ብለው ጥፋቴን ለራሳቸው አደረጉት። እስከ ዛሬ ከእርሳቸው በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ትከሻቸው ከዚያ ወዲህ ባይድንም፣ በስድስት ዓመት ውስጥ የዘጠኝ ተውኔቶችን መድረክና ልብስ ነደፉ። በዚህ ክረምት የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው ወዲህ፣ ትርኢት ባለ ቁጥር ሄጄ «ሁሉም በደህና ወርደዋል» እስክላቸው ዓይናቸውን ከበሩ አይነቅሉም ነበር። ባለፈው እሑድ የቀኑ ትርኢት እንዳበቃ በሩጫ ደረስኩ፤ ክሪስቲና ግን ደጃፉ ላይ ቆማ እያለቀሰች ነበር።

ባለቤታቸውን አቶ ቲሚሽን፣ ልጃቸውን ክሪስቲናንና ይቅርታቸውን ሳልለምን የቀረሁትን እኔን ትተው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈዋል። እግዚአብሔር ስለ ማንም መስጋት በማያስፈልግበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ አሜን።