አማቴ ጫማቸውን ያወለቁበት ፍርድ ቤት

ጓደኛዬ እኔ አብሬው ተቀምጬ መኪና ተጋጭቶ፣ ልመሰክርለት ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ካውንቲው፣ ማለት ወደ ወረዳው፣ ፍርድ ቤት ሄድኩላችሁ። «መብራቱ አረንጓዴ ነበር በልልኝ» ብሎኛል፤ ጓደኛ አይደል፣ እሺ ብያለሁ። ብቻቸውን ቤት እንዳይውሉ ብዬ በቅርብ ከጎንደር የመጡትን አማቴንም ይዣለሁ። ፍርድ ቤቱ የጥንት ነው፤ ወፋፍራም የድንጋይ ዓምዶች፣ ከላይ ጉልላት። በር ላይ ጥበቃው «ሊያፈርሱት ነበር፣ የሰፈሩ ሰው እምቢ ብሎ ነው የተረፈው» እያለ ሲያጫውተኝ ዞር ብል፣ አማቴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ዓምዱን ይሳለማሉ!

«እማማ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም! ፍርድ ቤት ነው» አልኳቸው አፍሬ።

«ታዲያ ልትምል አይደል የመጣኸው? የእግዚአብሔር ስም በሚጠራበት ቤት በጫማ ልግባ?» አሉና በባዶ እግራቸው እብነ በረዱን ረግጠው ገቡ።

ቀኝ እጄን አንስቼ ስምል፣ ጫማቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከኋላ ተቀምጠዋል። ዳኛዋ ስለ መብራቱ ጠየቀችኝ። «ቀይ ነበር» አልኩ። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ኮል ሳደርግለት አያነሳም። ስንወጣ አማቴ ዓምዱን ደግመው ተሳለሙና፣ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ «ቤተ ክርስቲያን አስመስለው ሲሠሩትስ አስበውበታል» አሉኝ።