በኮቱ ገበር ላይ የቀረው ቃል

በእኛ ጊዜ እንግሊዝኛ ማወቅ እንዳሁኑ አደባባይ የሚወጡበት ነገር አልነበረም፣ የሚደበቅ ነበር። ቅድም፣ "አስተማሪያችን የሰው ጠባይ የሚገልጹ አስር የእንግሊዝኛ ቃል ሰጥታን ነገ ክፍል ፊት ቆሜ በነሱ ላወራ ነው፣ ፈራሁ" አልሽኝ አይደል? እንግዲህ ስለ ፍርሃት እኔን ጠይቂኝ።

ጣሊያን ገብቶ ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ዕድሜዬ ያንቺው ነው፣ እና እናቴ እዚሁ ኮልፌ ጋሼ ሸምሱ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ መትከል ትማር ብላ አስገባችኝ። አቤት ስፈራ! በር በተንኳኳ ቁጥር መርፌው እጄን ይወጋኛል። ታዲያ ጋሼ ሸምሱ ኤደን ወደብ ለእንግሊዞች ሲሰፉ ኖረው የመጡ ሰው ናቸው፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት፣ እና ትምህርቱ ቀረብኝ ብዬ ሳዝን ቢያዩ፣ "ላስተምርሽ፣ ግን ለእናትሽም እንዳትነግሪ" አሉኝ። ጣሊያንና እንግሊዝ በጠላትነት የሚተያዩበት ጊዜ ነዋ። እንግሊዝኛ ጽፎ የተገኘ ሰላይ ነው፣ በቃ።

ታዲያ ደብተር የለም። የሚጽፉልኝ ጨርቅ በሚያሰምሩበት ጠመኔ ነው፣ ኮት ገልብጠው ገበሩ ላይ። አንብቤ ስጨርስ በብሩሽ አራግፈዋለሁ። እና ምን ያስተምሩኛል መሰለሽ? ወንበር፣ ጠረጴዛ እንዳይመስልሽ። ዕቃማ በጣት ይጠቆማል፣ ከባዱ ሰው ነው ይላሉ። ኮቱ የማን እንደሆነ ይነግሩኝና የባለቤቱን ጠባይ ገበሩ ላይ እንድጽፍ ያዙኛል። ችክ የሚለው ነጋዴ ስታበርን፣ እጁ የማይሰስተው ጄኔረስ፣ ጠዋት ስቆ ከሰዓት የሚያኮርፈው ሙዲ። እኔ ታዲያ ሰው ማየት ጀመርኩ። አንገቴን ደፍቼ የምሄደው ልጅ ቀና ብዬ፣ ይሄ ምን ይባላል፣ ያቺስ ምን ትባላለች እያልኩ። ፍርሃቱ ሳይታወቀኝ እየላላ መጣ፣ ትሰሚኛለሽ?

እና አንድ ቀን የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ የተቀደደ የኮት ገበር ሊያሰፋ መጣ። ያገራችን ሰው ነው፣ ግን ሰፈሩ ስሙን አይጠራም፣ እሱ ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። እኔ ሳየው ታዲያ፣ ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። እንዴ፣ ይሄማ እኔው ነኝ አልኩ። እና እሱ ኮቱን ትቶ ከሄደ በኋላ፣ ገበሩ ተሰፍቶ ሲያልቅ፣ ማንም ሳያዘኝ ገበሩ ላይ ቲሚድ ብዬ ጻፍኩ፣ ድንጉጥ፣ ዓይነ አፋር እንደማለት። ሳላራግፈው ጎረቤት ጠርታኝ ወጣ ብዬ ስመለስ ወታደር ልኮ ኮቱን አስወስዶታል።

ለጋሼ ሸምሱ ስነግራቸው የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። ሌላው ደንበኛቸው ፊደል አይለይም፣ ለዚያ ነው ገበሩን ያመኑት። ይሄኛው ግን ከጣሊያን በፊት እንግሊዝኛ የተማረ ነው።

በነጋታው ብቻውን መጣና በሩን ከውስጥ ዘጋው። ኮቱን ገለበጠ።

"ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አሉ ጋሼ ሸምሱ።

አፌ ቀደመኝ፤ "እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ።"

"ምን አይተሽ?"

"በሩን ሲያዩ። እኔም እንደዚያ ነው የማየው፣ ለዚያ አወቅኩት።"

እጁን ዘረጋ። በጥፊ ሊለኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ለካ ጠመኔውን ነው የፈለገው። ከኔ ቃል ስር አንክሸስ ብሎ ጻፈና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቲሚድ የሚባለው ተፈጥሮው የሆነ ሰው ነው። እኔ እንደዚያ አልነበርኩም። የኔ ይሄኛው ነው፣ የሚመጣውን እያሰበ የሚጨነቅ" አለኝ። ከዚያ ብሩሹን አንስቶ ሁለቱንም ቃል ራሱ አራገፈ፣ ኮቱን ለበሰ፣ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "ሁለተኛ ሳታራግፊ እንዳትሰጪ" ብሎኝ ሄደ። ማንም ሊይዘን አልመጣም።

ታዲያ ያ ሰው ደግ ነው ክፉ ብትይኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁለትም። ከአስሩ ውስጥ የሚሆነው ካለ አንቺ ንገሪኝ። ደግሞ አንቺስ የቱ ነሽ፣ ቲሚድ ነሽ አንክሸስ?

"አንክሸስ ነኝ፣ እማማ ዘነበች" አልኳቸው። "እስከ ነገ አራት ሰዓት።"

እስኪያስላቸው ሳቁ።