ከታንከሩ ባኞው ይቅደም

እኔን ያየህ ተቀጣ በሉ። መታጠቢያ ቤታችንን ልናድስ የያዝነው ብር ወይ የውሃ ታንከር ወይ ባኞ እንጂ ሁለቱንም አይገዛም። ቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ ላላሞ፣ «ልጄ፣ ውሃ በፈረቃ እያገኘህ? ታንከሩን አስቀድም» አሉኝ። እኔ ግን ለሠርጋችን እዚሁ ከተማችን ሐይቅ ዳር ሆቴል አድረን፣ ባኞ ውስጥ ከተዘፈዘፍኩ ወዲህ ልቤ ሸፍቷል። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይግጠሙልኝ» አልኳቸው። ገጠሙልኝ፤ እንደ ነጭ ጀልባ ያምራል!

ውሃ የመጣ ዕለት ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስገባ፣ ባለቤቴ ባኞውን እስከ አፉ ሞልታ በላስቲክ እየሸፈነች ነው። «እግርህን ነክረህ እንዳላይ! የሳምንት ውሃችን ነው» ብላ አፈጠጠችብኝ። ይኸው ይህ ሁሉ ሐይቅ ባለበት ከተማ፣ ከባኞዬ በጆግ እየቀዳሁ ባኞዬ አጠገብ ቆሜ እታጠባለሁ።

በቀደም ጋሽ ላላሞ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊያጠብቁልን መጡ። ላስቲኩን ገለጥ አድርገው ውስጡን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጎሽ ልጄ፣ ታንከሩን ገዛህ!» አሉኝ። «ብቻ እሱ እኮ የሚቀመጠው ጣሪያ ላይ ነው።»