የሀብቴ አውራ ጣትና የጾሙ ቅባት

በእኛ ጊዜ ብዬ ስጀምር የጥንት ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ስልኩም ባጃጁም ሸዋ ሮቢትን ሞልቶት ነበር። በእኛ ጊዜ የምለው ጉልበቴ ማማ ያስወጣኝ የነበረበትን ጊዜ ነው። ማማ ታውቃላችሁ አይደል? ማሽላው መሀል በእንጨት ከፍ ተደርጎ የሚሠራው፣ ሰው እላዩ ወጥቶ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቅበት። ምህረት፣ አንቺ ልጻፈው ካልሽ ጻፊ፣ የልጄ ሚስት ነኝ ብለሽ ግን ቃሌን እንዳታሳምሪብኝ፤ እንደወጣ አስቀምጪው።

ታዲያ ይሄ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ሀብቴ፣ የልጆቼ አባት፣ አሁን እንዲህ ዝም ሲል ምንም የማያውቅ ይመስላል፤ ያን ጊዜ አንድ ማሽን ነበረው። ከአባቱ የወረሰው ውጅግራ ጠመንጃ አለ፣ ፈቃድ ያለው ነው፣ ለሌላ አይደለም፣ ዝንጀሮ ለማስደንገጥ ነው። እና የዚያ ጠመንጃ ጥይት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፣ ስለዚህ አረሩን ራሱ ሀብቴ ነበር የሚሠራው፤ ለሚዛን የመኪና ጎማ ላይ ተለጥፎ በኋላ የሚነቀለውን እርሳስ ያቀልጥና በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያፈስሰዋል። ማሽኑ ደግሞ የፈሰሰውን አረር ልክ የሚያስይዝና ቅባት የሚቀባ ነው። አንድ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደው ብረት ነው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ረጅም እጀታ አለው፤ እጀታውን ወደ ታች ስትጫኑት አረሩ በጠባብ ቀለበት ያልፋል፣ የወፈረው ይቀጥናል። በጎኑ ደግሞ ቅባት የሚሞላበት ቀፎ አለው፤ ከላይ ያለውን ብሎን ስታጠብቁት ቅባቱ እየተገፋ ይሄድና አረሩ ወገቡ ላይ መቀነት እንደታጠቀ ሆኖ ይወጣል። ቅባቱ ምንድነው አትሉኝም? ሰምና የበሬ ሞራ፣ አንድ ላይ የቀለጠ።

ሀብቴ ያን ማሽን ከእኔ አብልጦ ይንከባከበው ነበር ብል እግዚአብሔርም አይፈርድብኝም። በላምባ ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ቀለበቱን አውጥቶ በጨርቅ ይወለውላል፣ ሲጨርስ ደግሞ የእኔን ነጠላ ያለብሰዋል። "ሀብቴ፣ ነጠላዬን የት አደረግኸው?" ስለው "ማሽኑን በርዶት" ይለኛል። ሸዋ ሮቢት ላይ! ብረት! በርዶት!

እና አንድ አመል አለበት። አውራ ጣቱን ይልሳል። ወረቀት የሚገልጥ ሰው እንደሚያደርገው፣ አረር ሊያነሳ ሲል ይልሳል፣ ሊያስቀምጥ ሲል ይልሳል፣ በመሀል የተረፈውን ቅባት በዚያው ጣት ይጠርጋል፣ ከዚያ ደግሞ ይልሳል። ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ "ጋሼ፣ እርሳስ መርዝ ነው፣ ከነካኩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ" ብላ ብትመክረው፣ "እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለና ጣቱን ልሶ ካርዱን ተቀበላት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ታዲያ የገና ጾም ገባ። ማሽላው እሸት ሆኖ ራሱን ደፍቷል፣ ዝንጀሮው ከገደሉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል። የዓመት ቀለባችን እሱ ነው፣ የእኛም የጎረቤታችን የጋሼ እንድሪስም፤ እርሻችን ወሰን ለወሰን ነው። እና ሀብቴ አረር ሊያዘጋጅ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ደጅ የሽሮ ክክ እለቅማለሁ፣ ቀና ብል ጣቱን ላሰ።

"ሀብቴ!" አልኩት።

"አቤት።"

"ምን እየበላህ ነው?"

"እኔ? ምንም።"

"ሞራ እየበላህ ነው።"

"የምን ሞራ አመጣሽብኝ?"

"ጣትህ ላይ ያለውን።"

ጣቱን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ የሰው ጣት እንዳየ። "ኧረ የሺ፣ ይሄ እኮ የማሽን ቅባት እንጂ ምግብ አይደለም።"

"ከበሬ ወጥቶ አፍህ የገባ ነገር፣ ሌላ ምን ስም አለው?"

እናንተ ታውቁኛላችሁ፣ እኔ ጠብ አልወድም፣ ድምፄንም አላነሳሁ። "እንግዲህ ወይ መላሱን ተው፣ ወይ ሞራውን ተው" አልኩት። ብዙ አሰበ። አሰበና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "መላሱን እንኳ አልችልም፤ ሞራውን እተዋለሁ።" ተነስቶም የኑግ ዘይት ከጓዳዬ አወጣ፣ ከሰሙ ጋር ለወሰው። የጾም ቅባት! ማሽኑን አስጾመው!

ጋሼ እንድሪስ መጣና አየ። "ሀብቴ፣ ማሽኑም ይጾማል እንዴ?"

"ይጾማል።"

"ማሻአላህ! እስከ ስንት ሰዓት?"

እኔ ስቄ ሞትኩ፣ ሀብቴ ግን አልሳቀም። ሊስቅ አይችልም፣ ምክንያቱም ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ስትወጣ ማሽኑ በየመገጣጠሚያው ማልቀስ ጀመረ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ጠረጴዛው በዘይት ራሰ፣ ዶሮዋ ልታልፍ ብላ ተንሸራታ ክንፏን ዘርግታ ተቀመጠች። "ሰም ያንሰዋል" አለና ሰም ጨመረ። አሁን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ይሆናል፣ ብሎኑ አልዞር ይላል፤ ቀትር ላይ ወጥ ይሆናል። አረሩ ሳይቀባ ደረቁን ገብቶ ቀለበቱ ውስጥ ተቀረቀረ። ሀብቴ እጀታውን ቢጫነው እምቢ። ተንጠለጠለበት፣ እግሩ ከመሬት ለቀቀ፣ እምቢ። "እንድሪስ፣ ና እስቲ ያዘኝ!" እንድሪስም ተንጠለጠለ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ አንድ ብረት ላይ እንደ ዘንባባ ፍሬ ተንዠርግገው! እኔ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እያልኩ ክኬን እለቅማለሁ።

በነጋታው ማሽኑን ነጠላዬን አልብሰው ጀውሃ ከተማ ወሰዱት፣ የከባድ መኪና መካኒክ ዘንድ። መካኒኩ ፈታው፣ የተቀረቀረውን መትቶ አወጣው፣ "ቅባት የሚይዘው ጎሚኒ ላስቲክ አልቋል" ብሎ ከመኪና ጎሚኒ ቆርጦ አስገባለት፣ ከዚያ ጣቱን ቀፎው ውስጥ ከትቶ አሸተተ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምን ቅባት ነው?"

"የኑግ።"

"የኑግ? ይሄ ማሽን እንጂ ሽሮ መሰለዎት እንዴ?"

"ጾም ነዋ!"

"የማን ጾም?"

ሀብቴ ነጠላዬን ማጠፍ ጀመረ። መካኒኩም ብሎኑ ይጠብቅ እንደሆነ ልይ ብሎ አንድ ዙር ሲያዞረው ዘይቱ ፊጭ ብሎ ግንባሩ ላይ አረፈ። "በሉ ውሰዱት" አለ፣ "ስታስገድፉት አምጡት።"

ይሄ ሁሉ ሳቅ ነው እንግዲህ። የማያስቀው ቀጥሎ መጣ። ዝንጀሮው ወረደ። ሀብቴ ማማ ላይ ወጣ፣ በላያቸው አየር ላይ ሊተኩስ ቃታ ሳበ። ጠመንጃው ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ጭስስስ። አክታ እንደሚተፋ ሰው። ዘይቱ ባሩዱ ድረስ ወርዶ አርሶታል፣ አረሩ ከአፈሙዝ ሳይወጣ መሀል መንገድ ላይ ቆመ፤ በዘንግ ገፍቶ እስኪያወጣው ቀኑ ተጋመሰ። እና ገመሬው፣ አለቅየው ዝንጀሮ፣ ያ ደረቱ ላይ እንደ ካባ ጠጉር ያለው፣ መጀመሪያ ደንግጦ ቆመ፣ ጠበቀ፣ ምንም የለም፤ ከዚያ ሀብቴን ቀና ብሎ አየና እዚያው ቁጭ ብሎ እሸቱን ቆረጠ። ከሱ ኋላ ሴቱም ግልገሉም ተከተለ። በወንጭፍ ብንወረውር፣ ጣሳ ብንደበድብ፣ ማን ሰምቶን! የእንድሪስ ማሽላ አንድ ማዕዘኑ በአንድ ረፋድ አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ።

እንድሪስ ያን ቀን መጣ፣ አልተቀመጠም። በሩ ላይ ቆሞ "እትዬ የሺ፣ ጾምሽን አልነካም፣ ጾም ጾም ነው። ግን ዝንጀሮው አይጾምም" አለኝ። ይህን ብሎ ሄደ። አልተቆጣም እኮ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሚስቱ ፋጡማ፣ ልጆቹ፣ ያ ሁሉ ቤተሰብ ዓመቱን ምን ይበላል? የእኔ ጾም በሰው ሆድ ሊጾም ነው ወይ ብዬ እንጀራውን መልሼ ከደንኩት፤ ሞራውንም ልፍቀድ ብል ያ ጣት ይታየኛል፣ ከቅባቱ ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ቅባቱ።

ተነስቼ የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ማሽን በጾም ሞራ ቢበላ እንዴት ነው?"

"ማሽኑ ክርስትና ተነሥቷል?"

"ኧረ የለም አባ።"

"እንግዲያው ማሽኑ ይብላ። ሀብቴ አይብላ።"

"ይልሳላ አባ! እጁ አያርፍም።"

"ይህን ሁሉ ልጅ ጡት ያስጣልሽ ሴት፣ የአንድ ሽማግሌ አፍ አቃተሽ?" አሉኝ። አመስግኜ መስቀል ተሳልሜ ልሄድ ስል ከኋላዬ ጠሩኝና "ቶሎ በይ ታዲያ፣ የኔም ማሽላ ከእንድሪስ ቀጥሎ ነው" አሉ።

መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ጡት ያስጣልኩት በምንድነው? መራራ ሬት ጡቴ ላይ ቀብቼ አይደለም? ከአጥሩ ሥር ቆረጥኩ፣ ፈሳሹን በጣሳ ክዳን ተቀበልኩ፣ ገባሁ። ፋጡማ የበሬ ሞራውን ቤቷ አቅልጣ ላከችልን፣ ሰሙን እኛ ጨመርን፣ ሀብቴ ማሽኑን በላምባ አጥቦ የጾሙን ቅባት ከየቀዳዳው አወጣ፣ አዲሱን ሞላ። ሊጀምር ሲል "ሀብቴ፣ ጣትህን ስጠኝ" አልኩት።

"ምን ልታደርጊው?"

"መድኃኒት ልቀባህ።"

እንደ ሕፃን ዘረጋልኝ። አውራ ጣቱን ከሥሩ እስከ ጫፉ አዳረስኩት። "ይበርዳል" አለኝ። "ይደርቃል" አልኩት። እንድሪስ ዳር ቆሟል፣ ገብቶታል፣ ሻርፑን አፉ ላይ ይዟል።

ሀብቴ አረር ሊያነሳ ሆነ። ጣቱን አፉ ከተተ። ኧረ ፊቱን ባያችሁት! እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨመቀ። "ትፍ! ትፍ! የሺ! ምን አደረግሽኝ!"

"ጡት እያስጣልኩህ ነው።"

"እኔ ሕፃን ነኝ?"

"የሕፃን ጣት ይመስል አፍህን ለቆ መች ያውቃል?"

አረሩን አነሳ፣ እጀታውን ተጫነ፣ እንደ ቅቤ ወረደ፣ አረሩ መቀነቱን ታጥቆ ወጣ። ደስ አለው። ደስ ሲለው ረሳ፣ ደግሞ ላሰ። "ትፍ!" እንድሪስ "አላሁ አክበር" አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ከሳቅ ብዛት መቆም አቃተው። እንዲህ እንዲህ ሲል ጣቱ ወደ አፉ ይነሳና አየር ላይ ይቆም ጀመር፣ ልክ በር ላይ ደርሶ ውሻ እንዳየ እንግዳ። ከምሳ በፊት ጨርቅ ጠይቆኝ፣ ጨርቅ! ራሱ ጠይቆኝ፣ ጣቱን በጨርቅ ይጠርግ ነበር።

ታዲያ ዝንጀሮው እንደለመደው መጣ። ገመሬውም ማማውን አላየ፣ ጠመንጃውን አላየ፣ ደርሶ ቁጭ አለ። ሀብቴ ወደ ሰማይ ደገነ፣ ተኮሰ። ጓ! ገደሉ መለሰው፣ ጓ! ገመሬው እሸቱን አፉ ላይ እንደያዘ ወደ ላይ ሲዘል፣ ሳይውጠው ነው ገደሉን የወጣው፤ ያ ሁሉ መንጋ አንዱ አንዱን እየረገጠ! ዳዊት ለመድገም ቁጭ ብዬ የነበርኩት እኔ "እሰይ!" ብዬ ጮህኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የቀረውን ማሽላ አጨድን። ፋጡማ ከእሸቱ ጠብሳ አመጣችልን፣ የገና ጾምም ሳይነካ በደህና ተፈታ።

ይኸው ነው። ምህረት፣ ጽፈሽ ጨረስሽ? እስቲ ወረቀቱን ለእሱ ስጪው፣ ዋሽቼ እንደሆነ ያንብብና ያርመኝ። ስጪው እንጂ!

እዩት እዩት እዩት! ወረቀቱን ሊገልጥ ጣቱን አነሳ... አነሳ... አያችሁት? ከንፈሩ ላይ ደርሶ ቆመ! ኪኪኪ! ጋቢው ላይ ጠረገው!

"ምን ያስቃችኋል?" ይላል ደግሞ። ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብሎ ዛሬ አፉን ከፈተ። "የሚመር ነገር ቀምሳችሁ አታውቁም?"