ሰፊው አባቴ

መምህር ነኝ፤ ዓይኖቼ አያዩም። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ አዲስ አበባ፣ ለአካል ጉዳተኞች በሚሆን ቴክኖሎጂ ላይ የተጠራ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ገባሁ። አንድ ወጣት ጽሑፍ የሚያነብ ስልክ ይዞ መጣና፣ “ጋሼ፣ አማርኛን ልክ እንደ እርስዎ ያነባል፤ ጨርሰነዋል” አለኝ።

“እስቲ ‘አባቴ ሰፊ ነው’ ብለህ ጻፍለት” አልኩት። ስልኩ “ፊ”ን አጥብቆ፣ ቡሬ ገበያ ልብስ የሚሰፉትን ቀጫጫ አባቴን ወርዳቸውን አስፍቶልኝ ቁጭ! ሳቄ አመለጠኝ። “‘ፊ’ ሲላላ ሙያቸው ነው፤ ሲጠብቅ ወርዳቸው። እኛ ሳንሰማው ጨርሰናል አትበል” አልኩት። ልጁም ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ “እንግዲያው አብረን እንጨርሰው” አለ።

ደውዬ ለአባቴ ብነግራቸው፣ “ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳተ? ሰፊ ባልሆን አንተን አስተምሬ እዚያ አደርስህ ነበር?” አሉኝ፤ “ፊ”ን አጥብቀው።