ያልታዩት ዳክዬዎች

ከደሴ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ጎልማሳ ወንድምና እህት አጠገቤ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ዘሀራ፣ አጎታችን ከጅዳ ያመጣልን ጌም ትዝ ይልሻል? ባለሽጉጡ?»

«ዳክዬ የምትተኩስበት?»

«እሱ! አንድም አልስትም ነበር።»

«ገመዱ እየተላቀቀ ሲያስቸግር ማን ይዞልህ?»

«አንቺ ነሻ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቆመሽ።»

«ለመሆኑ ዳክዬዎቹ ምን ይመስሉ ነበር?»

«እንዴ! አላየሻቸውም?»

«ከጀርባ ሆኜ በምኔ ልይ? ሲጮሁ ብቻ ነበር የምሰማው።»

«ወላሂ፣ ተራሽን ልሰጥሽ ነበር።»

«መቼ? ሽጉጡን ከሰበርከው በኋላ?»



«አውፍ በይኝ፣ እህቴ።»

«መጀመሪያ ንገረኝ።»

«አንገታቸው አረንጓዴ ነው። ከሣሩ ውስጥ ብድግ ሲሉ...»

«ቀስ በል እንጂ፣ አታሩጠው።»

በመንገዳችን ያለው፣ ዳክዬ የማይጠፋበት ሐይቅ መታየት ሲጀምር ምንም ሳልናገር ተነሥቼ የመስኮቱን ወንበር ለእሷ ለቀቅሁላት።